ልጆችን ካራቴ ስለ ማስተማር

ልጅ ካራቴ ልማር ብሎ በለመነ ጊዜ ወላጆች በሁለት ወገን ይከፈላሉ። አንዱ፣ ልጄ ድብድብ ተምሮ የጎረቤቱን ልጅ ቢጎዳብኝ ምን እመልሳለሁ ብሎ ይፈራል፤ ሌላው ደግሞ በትምህርት ቤት የሚያጠቁትን ልጆች መልሶ እንዲመታለት ሲል ፈጥኖ ይልከዋል። ነገሩን ስንመረምረው ግን ሁለቱም ያዩት የሲኒማውን ካራቴ እንጂ ለሕፃናት የተሰናዳውን አይደለም።

ይህ ጥበብ የበቀለው በጃፓን ግዛት በኦኪናዋ ደሴት ነው። ቀድሞ መምህራን ለጥቂት ሰዎች በግል ያስተምሩት የነበረውን፣ ኢቶሱ አንኮ የተባሉት አረጋዊ መምህር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1901 ዓ.ም. ወደ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስገቡት። ለጀማሪዎችም ፒናን የሚባሉ አምስት ተከታታይ ልምምዶች አዘጋጁ፤ ስሙ የሚጻፍባቸው ፊደላት ትርጓሜያቸው ሰላምና ጸጥታ ነው። በ1908 ዓ.ም. በጻፉት ደብዳቤም ትምህርቱ ለሰውነት ጤና እንደሚበጅና ጠብን ለመፈለጊያ እንዳልሆነ አስረድተዋል። እርግጥ ነው፣ ለወታደርነትም ይረዳል ማለታቸውን መሸሸግ አይገባንም፤ ዘመኑ እንዲህ ነበርና።

ከደቀ መዛሙርታቸው አንዱ በ1868 ዓ.ም. የተወለዱት ፉናኮሺ ጊቺን ናቸው። በሕፃንነታቸው ደካማ ከመሆናቸው የተነሣ ዕድሜያቸው አጭር ይሆናል ተብሎ ተሰግቶላቸው ነበር። በልምምዱ በርትተው የትምህርት ቤት አስተማሪ ሆኑ፤ በ1922 ዓ.ም. ካራቴን በቶኪዮ አሳዩ፤ ያረፉትም በ88 ዓመታቸው ነው። ተማሪዎቻቸውንም ቀድሞ መምታት የካራቴ ሥራ አይደለም እያሉ ያስጠነቅቁ ነበር።

ትምህርቱ በእጅ መንሣት ይጀመራል። ልጁ ነጭ ልብስ ለብሶ በባዶ እግሩ ይቆምና ለአስተማሪውም ለጓደኞቹም ጎንበስ ይላል። ከዚያ በኋላ በጃፓን ቋንቋ ኢች፣ ኒ፣ ሳን እያሉ በመቁጠር አንዱን እንቅስቃሴ ደጋግመው ይሠራሉ። በአንድ እግር ቆሞ ሌላውን ማንሣት ሚዛንን ያስተምራል፤ ግራና ቀኝ እኩል ስለሚሠሩ ሁለቱም ጎን ይጠነክራል። እኛን ይልቁንም ደስ የሚያሰኘን ሌላ ነገር ነው። በኳስ ጨዋታ ደካማው ልጅ ሳይመረጥ ዳር ተቀምጦ ይቀራል፤ እዚህ ግን ዳር የሚቀመጥ የለም። ቃል ለመናገር የሚያፍር ሕፃን እንኳ ምቱን ሲፈጽም በሙሉ ድምፁ እንዲጮኽ ይታዘዛል፤ እናቱ ያን ድምፅ ስትሰማ ሳትደነግጥ አትቀርም!

ዳሩ ግን ጥቅሙ ከአስተማሪው ጠባይ ጋር የተያያዘ ነው። በ1986 ዓ.ም. በአሜሪካ ማይክል ትሩልሰን የተባለ ተመራማሪ በጥፋት የተገኙ 34 ወጣቶችን በሦስት ከፍሎ ለስድስት ወር ተከታተለ። የተሠራበት የካራቴ ዘመድ የሆነው የኮርያው ቴኳንዶ ነበር። ጥበቡን ከአክብሮትና ከራስ መግዛት ትምህርት ጋር የተማሩት ቁጣቸው በረደ፤ ድብድቡን ብቻ የተማሩት ግን ይብሱኑ ጠበኞች ሆኑ። ሦስተኛው ወገን ሌላ ስፖርት የሠራ ሲሆን እምብዛም አልተለወጠም። የተመረመሩት ጥቂቶች ቢሆኑም ነገሩ ለወላጅ ብዙ ያሳስባል።

በትምህርት ቤት ልጁ የሚጠቃበት አባትም የጥቂት ወር ልምምድ በዕድሜ የሚበልጡትን ያሸንፍልኛል ብሎ ተስፋ እንዳያደርግ እንመክራለን። የሚለወጠው አቋሙና አነጋገሩ ነው፤ ለትምህርት ቤቱ ሹም ማመልከቱ ግን የአባት ሥራ ሆኖ ይቀራል።

ስለ ጉዳት የሚጨነቁ እናቶች ደግሞ የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር በ2016 ዓ.ም. ያወጣውን ማስታወቅ ያሻናል። ሰው ሳይነኩ የሚለማመዱት ከግጥሚያው ያነሰ አደጋ አለው፤ የራስ መከላከያ ቆብም አንጎልን ከመናወጥ እንደሚያድን አልተረጋገጠም። ስለዚህ ሕፃን ለግጥሚያ የሚቸኩልበት ምክንያት የለም።

ገንዘብ ከመክፈል አስቀድሞ አንድ ቀን ተቀምጦ መመልከት ይገባል። ትልቁ ልጅ ከትንሹ ጋር ሲለማመድ እጁን ይቆጥባልን? አስተማሪው የተሳሳተውን ያርመዋልን ወይስ ያፌዝበታል? ቀበቶው የሚለወጠው በችሎታ ነውን ወይስ በክፍያ? ወላጅ እንዳያይ በሩን የሚዘጋ አስተማሪ ቢያጋጥም ልጁን ይዞ ወደ ቤት መመለስ ይሻላል።