«ደወል» ወይስ «ቃጭል»?

በብስክሌት መሪ ላይ ታስራ እግረኛውን የምታስጠነቅቀውን ትንሽ መሣሪያ ምን ብለን እንመዝግባት? ተናጋሪው ባብዛኛው «ደወል» ይላታል። ስሕተት አይደለም፤ ሆኖም ደወል ከጥንቱ የድንጋይ ደወል አንሥቶ እስከ ትምህርት ቤቱ ድረስ ብዙ የተሸከመ ቃል ነው። ችግሩ የሚጎላው በግሡ ላይ ነው፤ ስልክ ከመጣ ወዲህ «ብስክሌተኛው ለእግረኛው ደወለለት» ቢባል አንባቢ የሚረዳው ሌላ ነው።

«ቃጭል» ግን በዲያቆን እጅም ሆነ በበቅሎ አንገት የምትታወቅ ትንሽ ናት፤ «አቃጨለ»ም «ስልክ ደወለ» ማለት አይደለም። ስለዚህ ይህን መርጠናል። «ጥሩምባ»ን የተውነው በምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣው የቪየና የመንገድ ትራፊክ ስምምነት ብስክሌት በበቂ ርቀት የሚሰማ ቃጭል እንዲኖረው፣ ሌላ የድምፅ ማስጠንቀቂያ ግን እንዳይዝ ይደነግጋል፤ ሁለቱን ያደባለቀ ተርጓሚ ድንጋጌውን ያፈርሰዋል።

ፍቺውም ጥንቃቄ ያሻዋል። «ዞር በል ማለቻ» ብሎ መፍታት አይገባም። እግረኛና ብስክሌተኛ በሚጋሩት መንገድ ቃጭል የሚቃጨለው ከኋላ የሚመጣው ገና ርቆ ሳለ ነው፤ ተጠግቶ ያቃጨለ እንደ ሆነ እግረኛው ደንግጦ ወደ ግራ ይዝለል ወደ ቀኝ አይታወቅም። መስማት የተሳነውማ ጭራሹን አይሰማም፤ ቃጭል ማሳወቂያ እንጂ የማለፍ መብት አይደለም። እንግዲህ እንዲህ ጽፈነዋል፦

ቃጭል (ስም)፦ ብስክሌተኛ መምጣቱን ከሩቅ የሚያሳውቅባት፣ በመሪ ላይ የምትታሰር፣ በአውራ ጣት ሲገፏት የምታቃጭል ትንሽ ደወል።

«የብስክሌት ደወል»ም በተለዋጭነት ይገባል።