ዶላሩ የት ይደር?

ሂሳቡን ከ2010 ዓ.ም. እንጀምር። በዚያ ዓመት ጥቅምት ላይ ብሔራዊ ባንክ የብርን ዋጋ በ15 በመቶ ዝቅ ካደረገ በኋላ አንድ ዶላር በባንክ 27 ብር ገደማ ይመነዘር ነበር። ዋሽንግተን አካባቢ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ለዓመታት ያጠራቀመውን 100,000 ዶላር በባንክ ልኮ አዲስ አበባ ላይ ቤት ገዛ እንበል። በብር 2.7 ሚሊዮን መሆኑ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ፤ 2017 ዓ.ም. ሳያልቅም 135ን ተሻገረ። በዚህ ተመን ያ ቤት 13.5 ሚሊዮን ብር ቢሸጥ ባለቤቱ በሰፈሩ ሰው ዓይን ገንዘቡን አምስት እጥፍ ያደረገ ባለሀብት ነው። በዶላር ሲቆጠር ግን ያገኘው ያንኑ የላከውን 100,000 ብቻ ነው፤ እሱም የደላላውና የስም ማዛወሪያው ወጪ ሳይነሳለት።

ያው ሰው ገንዘቡን እዚያው ሜሪላንድ ለ400,000 ዶላር ቤት ቅድሚያ ክፍያ አድርጎት ቢሆንስ? በ2018 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የ30 ዓመት የቤት ብድር ወለድ ከ4 እስከ 5 በመቶ መካከል ነበር። በ4.5 በመቶ ብናሰላው ለተበደረው 300,000 ዶላር በወር የሚከፍለው 1,520 ዶላር ገደማ ነው። ከዚያ ወዲህ በአሜሪካ የቤት ዋጋ በአገር አቀፍ ደረጃ ከግማሽ በላይ ጨምሯል። ግማሽ ብቻ ጨመረ ብለን ብንቆጥር እንኳ 400,000 የነበረው 600,000 ይሆናል። ባንኩ ያበደረውን እንጂ ከጭማሪው ድርሻ አይጠይቅም፤ 200,000ው በሙሉ የባለቤቱ ነው። 100,000 የነበረው 300,000 ሆነ ማለት ነው። የአዲስ አበባው ቤት ይህን ለመስተካከል 40.5 ሚሊዮን ብር መሸጥ፣ ማለትም ከተገዛበት ዋጋ 15 እጥፍ መሆን ይኖርበታል።

ልዩነቱ የመጣው ሜሪላንድ ከአዲስ አበባ የተሻለ የቤት ገበያ ስለሆነ አይደለም። የሰፈር መሬት ዋጋ ሲተኮስ ያየ የአዲስ አበባ ሰው ይህን ቢሰማ ይስቃል። ልዩነቱ ያለው በብድሩና በገንዘቡ ዓይነት ላይ ነው። በሜሪላንዱ ግዢ ከአራት እጅ ሦስቱን ያወጣው ባንኩ ነው፤ ወለዱ ለ30 ዓመት የታሰረ በመሆኑ የኑሮ ውድነት በመጣ ቁጥር ዕዳው ይቀልላል። ያኔ የተፈረመው 1,520 ዶላር ዛሬም 1,520 ዶላር ነው፤ ጎረቤቱ የሚከፍለው ኪራይ ግን በየዓመቱ ወደ ላይ ሄዷል። አገር ቤት ላይ ከውጭ የመጣ ገዢ በአብዛኛው የሚከፍለው ጥሬ ገንዘብ ነው፤ ብዙ ጊዜም ገና መሠረቱ ላልወጣ ሕንፃ በየደረጃው የሚከፍለው። እዚያ አበዳሪው ለገዢው ያበድራል፤ እዚህ ገዢው ራሱ ለአልሚው ያለ ወለድ አበዳሪ ይሆናል። ዋጋው በብር ሆኖ የዶላር ወይም የብረት ዋጋ ሲንቀሳቀስ አብሮ እንዲንቀሳቀስ የሚያደርግ አንቀጽ ያለበት ውል ከሆነ ደግሞ ገዢው የምንዛሪውን ኪሳራ ሁለት ጊዜ ይሸከማል፦ አንድ ጊዜ በላከው ብር ላይ፣ ሌላ ጊዜ ገና በሚከፍለው ላይ።

ስለዚህ የዚህ ዓምድ አቋም አጭር ነው። ሰው የመጀመሪያ ቤቱን መግዛት ያለበት ደሞዙ በሚመጣበትና ወጪው በሚወጣበት ገንዘብ ነው። ልጆቹ ቨርጂኒያ የሚማሩ፣ መኪናውን በዶላር የሚሞላ፣ ሐኪሙን በዶላር የሚከፍል ቤተሰብ በብር የሚለካ ሀብት ላይ ያለ የሌለውን ሲያፈስ የዶላር ወጪውን ያለ መጠለያ ይተወዋል። አገር ቤት መግባት ያለበት ትርፍ የሆነው ገንዘብ ነው፤ ሲገባም ሰው አልባ ቪላ ውስጥ ሳይሆን ገቢ የሚያመጣ ሥራ ውስጥ።

የመጀመሪያው ተቃውሞ የታወቀ ነው፦ «አዲስ አበባ ላይ ቤት ገዝቶ የከሰረ የለም»። በብር ከሆነ አባባሉ ለእውነት የቀረበ ነው። የዋጋ ንረቱ በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. ከ30 በመቶ በላይ በነበረበት አገር ብር ይዞ ከመቀመጥ ግድግዳ ይዞ መቀመጥ ይሻላል፤ አገር ውስጥ ለሚኖርና ገቢው ብር ለሆነ ሰው ክርክር የለውም። ዶላር በእጁ ያለው ሰው ግን ከብር መሸሽ አያስፈልገውም፤ ቀድሞውንም ብር ውስጥ የለም። ከዚያም በላይ፣ ሰው የሚያወራው ሻጭ የጠራውን ዋጋ እንጂ ገዢ የቆጠረውን አይደለም። የተሸጠላቸውን ሰዎች ወሬ ሰርግ ቤት እንሰማለን፤ ከ15 ዓመት በፊት ለአልሚ ከፍለው እስከ ዛሬ ቁልፍ ያልተረከቡት ግን ስለ ጉዳዩ ማውራት አይወዱም።

ኪራዩስ? አንድ አፓርታማ በ13.5 ሚሊዮን ብር ተገዝቶ በወር 50,000 ብር ተከራየ እንበል። በዓመት 600,000 ብር ነው፤ ከዋጋው 4.4 በመቶ ገደማ። ከዚህ ላይ እስከ 35 በመቶ የሚደርሰው የኪራይ ገቢ ግብር፣ የጥበቃው፣ የሊፍቱ፣ የጄኔሬተሩ መዋጮና ተከራይ የሌለባቸው ወራት ይቀነሳሉ። የአሜሪካ ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያዥ ከሆነ ያንኑ ኪራይ ለአሜሪካ የግብር መሥሪያ ቤት ለአይአርኤስም ማሳወቅ አለበት፤ ኪራዩ የሚጠራቀምባቸው የውጭ አገር የባንክ ሒሳቦች በዓመቱ ውስጥ በአንድ ቀን እንኳ በድምሩ ከ10,000 ዶላር ካለፉ ደግሞ ሌላ ፎርም ይጠብቀዋል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ውሉ ከሁለት ዓመት እንዳያንስና ጭማሪውም በዓመት አንድ ጊዜ ተቆጣጣሪው አካል በሚወስነው መጠን እንዲሆን ደንግጓል። ለተከራይ እፎይታ ነው፤ ዓላማውም ያው ነው። ብር በአንድ ዓመት ከግማሽ በላይ ሲወርድ ኪራዩን አብሮ ማንሳት የማይችል ዶላር ቆጣሪ አከራይ ግን ሂሳቡን ቀድሞ ማወቅ ይገባዋል።

የአሜሪካው ቤት ደግሞ ገነት ተደርጎ እንዳይወሰድ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2006 ጣሪያ የነካው የቤት ዋጋ በ2012 ከሩብ በላይ ወርዶ ነበር፤ ሜሪላንድ ውስጥ ፕሪንስ ጆርጅ ካውንቲን የመሰለ ሰፈር ባንክ በወረሳቸው ቤቶች ተሞልቶ ነበር። ከተጎዱት ብዙዎቹ አቅማቸውን ሳይለኩ፣ ከሁለትና ሦስት ዓመት በኋላ ወለዱ በሚዘል ብድር የገዙት ናቸው። ዛሬም ቢሆን ነገሩ ቀላል አይደለም። ኤፍኤችኤ በሚባለው የመንግሥት ዋስትና 3.5 በመቶ ብቻ ከፍሎ መግዛት ይቻላል፤ 400,000 ዶላር ለሚያወጣ ቤት 14,000 ዶላር ነው። ቀሪው 386,000 በ7 በመቶ ሲታሰብ የወር ክፍያው 2,568 ዶላር ይሆናል። የመጀመሪያውን ወር ደረሰኝ ዘርዝሮ ያየ ሰው ደስ አይለውም፦ 2,252ቱ ወለድ ነው፤ ከዕዳው የተነሳው 316 ብቻ። የንብረት ግብር፣ ኢንሹራንስና የብድር ዋስትና ሲጨመሩ ከ3,000 ይዘላል። ሆኖም እንዲህ ለሚገዛ ቤተሰብ ሌላው አማራጭ ኪራይ ነው፤ ኪራይ ከፍሎ 316 ዶላር የሚመልስለት የለም። ወለድ ሲወርድ ብድሩን በሌላ መተካት ይችላል፤ ቢወጣ ደግሞ አይነካውም። ሲሸጥም ከአምስት ዓመት ውስጥ ሁለቱን የኖረበት ከሆነ ከትርፉ 250,000 ዶላር፣ ለባልና ሚስት 500,000 ዶላር፣ ከግብር ነፃ ነው። የአዲስ አበባው አፓርታማ ይህን ዕድል አያገኝም፤ ባለቤቱ ኖሮበት አያውቅማ።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የደንብ መለዋወጥ ነው። ትውልደ ኢትዮጵያዊ የሌላ አገር ዜጎች በ1994 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 270 ቢጫ ካርድ ይዘው ቤት የማፍራትና እንደ አገር ውስጥ ባለሀብት የመቆጠር መብት አግኝተዋል። በዚያ እምነት የባንክና የኢንሹራንስ አክሲዮን የገዙ ነበሩ። በ2009 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ፓስፖርት የያዙ ባለአክሲዮኖች እንዲወጡ አዘዘ፤ የተመለሰላቸውም አክሲዮኑ ያፈራው ዋጋ ሳይሆን መጀመሪያ የተጻፈበት ዋጋ ነበር። በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ ሕጉ ተሻሽሎ በሩ እንደገና ተከፈተ። የኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮን በጥቅምት 2017 ለሕዝብ ሲቀርብ ግን ግዢው ለኢትዮጵያ ዜጎች ብቻ ሆነ። በሌላው ወገን ያለውን ደግሞ አንርሳ፤ የሕዳሴው ግድብ ቦንድ አሜሪካ ውስጥ ሳይመዘገብ በመሸጡ የአገሪቱ የሰነደ ሙዓለ ንዋይ ተቆጣጣሪ በ2016 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ጋር ባደረገው ስምምነት 6.4 ሚሊዮን ዶላር ያህል እንዲከፈል ሆኗል። ከ3,100 በላይ ገዢዎች ያዋጡት 5.8 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። እንደ አገር ውስጥ ባለሀብት መቆጠርም የራሱ ዋጋ አለው፦ ትርፍንና የሽያጭ ገንዘብን በውጭ ምንዛሪ መልሶ የማውጣት መብት በኢንቨስትመንት አዋጁ የተሰጠው ለውጭ ባለሀብት ነው። ቢጫ ካርዱ የመግቢያውን በር ይከፍታል፤ ስለ መውጫው የሚለው ነገር የለም።

«አብዛኛው ከምንዛሪ ለውጡ በፊት ነው» የሚል ይኖራል፤ ጥሩ ነጥብ ነው። ከሐምሌ 2016 በፊት ዶላሩን በባንክ የላከ ሰው በ57 ብር ሲመነዝር ጥቁር ገበያው ከ110 በላይ ይሰጥ ነበር፤ ሕግ አክባሪው ገንዘቡን በግማሽ አጥቶ ነው ሥራ የሚጀምረው። ያ ቅጣት አሁን በእጅጉ ቀንሷል። በለውጡም ምርት ወደ ውጭ የሚልኩ ነጋዴዎች ካገኙት የውጭ ምንዛሪ ግማሹን በእጃቸው እንዲያቆዩ ተፈቅዷል። እኔ ለውጡን የምቀበለው ግን ከቤት ደላላው በተለየ ምክንያት ነው። ተመኑ ወደ እውነተኛ ዋጋው መጠጋቱ የሚጠቅመው ሠርቶ ዶላር የሚያመጣውን ነው፦ ቡና አጥቦ የሚልከውን፣ ለውጭ ደንበኛ ሶፍትዌር የሚጽፈውን፣ እንግዳ ማረፊያ ከፍቶ ቱሪስት የሚያስተናግደውን። ወጪው ብር፣ ገቢው ዶላር ስለሆነ ብር ሲወርድ እሱ አይወርድም። አፓርታማ በአንፃሩ ዶላር በልቶ ብር ይተፋል። የቅንጦት ቤት ገበያውም ቢሆን ከውጭ ከሚመጡ ገዢዎች መካከል ለዲያስፖራው ብቻ የተከለለ መሆኑ ቀርቷል፤ በ2017 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቢያንስ 150,000 ዶላር ይዞ ለሚመጣ ማንኛውም የውጭ ዜጋ ቤት የመግዛት መብት ሰጥቷል። መሬቱ እንደ ቀድሞው የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ለመኖሪያ የሚሰጠው የከተማ ሊዝ ዘመን 99 ዓመት።

«ነገር ግን አገር ነው፣ ወላጅ ነው» ለሚለው መልሱ ሒሳቡን መለየት ነው። ለእናት የሚሠራ ቤት ስጦታ ነው፤ ስጦታ ደግሞ ትርፍ አይጠየቅበትም። ችግር የሚመጣው ስጦታው «ኢንቨስትመንት» የሚል ስም ወጥቶለት ለልጆች ትምህርት የታሰበውን ገንዘብ ሲበላ ነው።

መጀመሪያ ያስቀመጥኩት መለኪያ ግን ለአንዳንዱ ሰው ተቃራኒውን ይፈርዳል። ጡረታው የተቃረበ፣ ልጆቹን ያሳደገ፣ የአሜሪካን ማኅበራዊ ዋስትና አዲስ አበባ ሆኖ የሚቀበል ሰው የቀሪ ዘመኑ ወጪ በብር ነው። እሱ ቤቱን አገር ቤት ቢገዛ ትክክል ነው፤ ለመኖር እንጂ ለመሸጥ ስላልገዛው የምንዛሪ ተመኑ አያሳስበውም። ግንባታው ያለቀ፣ ካርታው የወጣ፣ ራሱ በእግሩ ሄዶ ቧንቧውን ከፍቶ ያየውን ቤት ቢመርጥ ደግሞ ይበልጥ ይረጋጋል።

በሳዑዲ፣ በኩዌት ወይም በቤይሩት ሰው ቤት ለምትሠራው ደግሞ «እዚያ ወይስ እዚህ» የሚለው ጥያቄ ራሱ የለም። የመኖሪያ ፈቃዷ በአሠሪዋ ስም የተያዘ ነው፤ ለሳዑዲ በስምምነት የተቆረጠው ዝቅተኛ ደሞዝ 1,000 ሪያል ነው፤ ውሏ ሲያልቅ መመለሷ አይቀርም። ነገ ወጪዋ በብር ነውና ንብረቷ አገር ቤት መሆኑ ተገቢ ነው። የእሷ አደጋ የምንዛሪ ተመኑ ሳይሆን የስሙ ጉዳይ ነው። ገንዘቡ በወንድም ሒሳብ ይገባል፣ ቦታው በአባት ስም ይገዛል፣ ቆርቆሮው በአጎት እጅ ይመጣል፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ስትመለስ ቤቱ አለ፣ እሷ ግን እንግዳ ናት። በስሟ የተከፈተ የባንክ ሒሳብ፣ በቆንስላ የተረጋገጠና ለመግዛት እንጂ ለመሸጥ የማይፈቅድ ውክልና፣ ከዚያም በስሟ የወጣ ካርታ ለእሷ ከየትኛውም የወለድ ስሌት በላይ ያስፈልጓታል።