ካሜራው ካየ በኋላ፦ ስለ ማንቂያ ትእዛዞች ተረትና እውነታ

«ካሜራ አስገጥሜያለሁ፤ ሌባ ከገባ ያሳውቀኛል።» ይህን የሚል ሰው በአብዛኛው ያስገጠመው የሚቀርጽ ካሜራ እንጂ የሚያሳውቅ አይደለም። ገጣሚው ገመዱን ዘርግቶ፣ ካሜራዎቹን ቀረጻውን ከሚያከማቸው መሣሪያ፣ ከኤንቪአሩ ጋር አገናኝቶ፣ ምስሉን በባለቤቱ ስልክ ላይ አሳይቶ፣ ሂሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል። «ይህ ሲሆን ያንን አድርግ» የሚለው ትእዛዝ ግን ሴቲንጉ ውስጥ ሳይነካ ይቀራል። እሱ ካልተሞላ ካሜራው ሌባውን ሲገባም ሲወጣም አጥርቶ ይቀርጸዋል፤ ባለቤቱ ጠዋት ያየዋል።

ትእዛዙ ሦስት ነገር ይፈልጋል፦ ምን ሲታይ፣ መቼ፣ ምን ይደረግ። መጋዘኑ በር ላይ ሰው ሲታይ፣ ሰዓቱ ከሥራ ውጪ ከሆነ፣ መብራት ይብራ፣ ጥበቃው ይጠራ። ባለቤቶች አብዝተው የሚጨነቁት ስለ መጀመሪያው ነው። ነገሩ የሚበላሸው ግን ብዙ ጊዜ ሁለተኛውና ሦስተኛው ላይ ነው።

«ካሜራው ሰው መሆኑን ያውቃል» ከሚለው እንጀምር። ተራው ሞሽን ዲቴክሽን ሰው የሚባል ነገር አያውቅም። አንዱን ምስል ከሚቀጥለው ጋር አስተያይቶ የተለወጡትን ነጥቦች ይቆጥራል፤ ከተወሰነው መጠን ካለፉ «እንቅስቃሴ አለ» ይላል። የባሕር ዛፍ ጥላ፣ ገመድ ላይ የተሰጣ ልብስ፣ ግድግዳ ላይ የሚያልፍ የመኪና መብራት፣ የክረምት ዝናብ ለእሱ ሁሉም አንድ ናቸው። ሌሊት ደግሞ ሌንሱ አጠገብ የምትበር አንዲት የእሳት ራት የኢንፍራሬዱ ብርሃን ሲያርፍባት ከሰው ትገዝፋለች። ሸረሪት ድሯን እዚያው ካደራችማ ሌሊቱን ሙሉ ማንቂያ ነው፤ መድኃኒቱ ሴቲንግ ሳይሆን መጥረጊያ ነው። አዳዲሶቹ ካሜራዎች ሰውንና መኪናን መለየት መቻላቸው እውነት ነው። ለዚህ ግን ሰውየው በምስሉ ውስጥ በቂ መጠን ሊኖረው፣ ቁመናውም ሊታይ ይገባል። ጣሪያ ጫፍ ላይ ተሰቅሎ ቁልቁል የሚመለከት ካሜራ የሚያገኘው ጭንቅላትና ትከሻ ብቻ ስለሆነ መለየቱ ይቸግረዋል። የሰውነት ሙቀት ተከትለው የሚነቁት የባትሪ ካሜራዎችም ከመስኮት መስታወት ጀርባ ከተቀመጡ ሙቀቱ ስለማይደርሳቸው ዝም ይላሉ።

ቀጥሎ የሚመጣው «ሴንሲቲቪቲውን እስከ ጥግ ከፍ አድርግልኝ» ነው። ውጤቱ የተገላቢጦሽ ነው። በነፋሱም በድመቷም የሚጮህ ውሻ ሌባ በመጣ ሌሊት የሚነሳለት ሰው የለም። ስልክም እንዲሁ፤ በአንድ ሌሊት ደጋግሞ በከንቱ የቀሰቀሰ አፕ በማግስቱ ኖቲፊኬሽኑ ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ ስርዓቱ ኖረ አልኖረ ልዩነት የለውም። ከፍ ከማድረግ መከለል ይሻላል። ካሜራው የሚከታተለውን ቦታ በሴቲንጉ ላይ በጣት ስሎ መንገዱንና ዛፉን ማስወጣት፣ ከሰው የሚያንሰውን ነገር ችላ እንዲል ትንሹን መጠን መወሰን፣ በአጥሩ ጥግ የሚያልፈውን ትቶ መስመር ተሻግሮ ወደ ውስጥ የሚገባውን ብቻ እንዲይዝ ማዘዝ ይቻላል።

አሁን ሰዓቱ። ይህ ሁለተኛው ክፍል ለእኛ የራሱ ወጥመድ አለው፤ ከሌሎቹ ሁሉ በላይ እዚህ ላይ መቆም ይገባል። ባለቤቱ «ከምሽቱ 3 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት» ብሎ ያስባል፤ 3፡00 እና 12፡00 ብሎ ይሞላል፤ ካሜራው ይቀበላል። የካሜራው 3፡00 ግን የእኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው፤ 12፡00 ደግሞ እኩለ ቀን። ምሽቱና እኩለ ሌሊቱ ሳይጠበቁ ያልፋሉ፤ በጠራራ ፀሐይ ሠራተኛው ሁሉ ማንቂያ ይሆናል። ትክክለኛው 21፡00 እስከ 06፡00 ነው። በዚያም ላይ ብዙ ካሜራዎች እኩለ ሌሊትን የሚሻገር ሰዓት በአንድ መስመር አይቀበሉም፤ 21፡00 እስከ 24፡00 አንድ፣ 00፡00 እስከ 06፡00 ሌላ ተብሎ ለሁለት ይከፈላል።

«ሰዓቱ በፋብሪካ ተሞልቶ ይመጣል» የሚለውም አያዋጣም። ገበያችን ውስጥ ያለው ካሜራ በብዛት የቻይና ምርት ነው፤ የቻይናን የሰዓት ክልል ይዞ ከቀረ ከአዲስ አበባ አምስት ሰዓት ይቀድማል። በ21፡00 ጀምሮ በ06፡00 እንዲያበቃ የታዘዘው ጥበቃ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 10 ሰዓት ይጀምርና ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ያበቃል፤ ማለትም ሌባ በሚወደው ሰዓት። የሰዓት ክልሉ ፕላስ 3 መሆን አለበት። ሰዓቱን ከኢንተርኔት ወይም ከኤንቪአሩ በየጊዜው እንዲያስተካክልም መታዘዝ አለበት፤ አለዚያ ቀስ በቀስ ይንሸራተታል፤ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ አንዳንዱ ከነጭራሹ ወደ ድሮ ዓመት ይመለሳል። ዋሽንግተን ሆኖ የእናቱን ቤት የሚከታተል ልጅ ደግሞ የበጋ ሰዓት ለውጥ የሚለውን አማራጭ ማጥፋት አለበት፤ ኢትዮጵያ ሰዓቷን አትቀያይርምና። ካሜራው ባለበት አገር ሰዓት ይሠራል፤ የሚቀያየረው የልጁ ሰዓት ነው፤ አንዴ በሰባት፣ አንዴ በስምንት ሰዓት ይለያያሉ።

ወደ ሦስተኛው ክፍል ስንመጣ ብዙ ሰው «ሳይረን ይጩህ» ይላል። ካሜራው ላይ ያለችው የማንቂያ መውጫ ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ ናት፤ በአብዛኛው ለዝቅተኛ ቮልቴጅ የተሠራች። በ220 ቮልት የሚሠራ ሳይረን በቀጥታ ከተገጠመባት ካሜራው ሊቃጠል ይችላል፤ መሐል ላይ ሪሌይ ያስፈልጋል። ቀረጻው ማንቂያው ከተነሳ በኋላ ብቻ ከጀመረ ደግሞ ሌባው አጥሩን ሲዘል የታየበት ክፍል ይጠፋል። ስለዚህ ከማንቂያው በፊት ያሉትን ጥቂት ሰከንዶች ይዞ እንዲያቆይ የሚያደርገው አማራጭ መከፈት አለበት።

«ኢሜይል አስገብቻለሁ፤ ይበቃል» ለሚሉም፦ ጎግል በፈረንጆቹ ከግንቦት 2022 መጨረሻ ጀምሮ በተራ ፓስወርድ ብቻ የሚገቡ መሣሪያዎችን ከጂሜይል ማገድ ጀምሯል። አሁን የሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ከፍቶ ለካሜራው የተለየ ፓስወርድ ማውጣት ግድ ነው። ያኔ መላክ ያቆመ ካሜራ ይኖር ይሆናል፤ ባለቤቱ መልእክት አለመምጣቱን የሰላም ምልክት አድርጎ ወስዶት። ሴቲንጉ ላይ «ቴስት» የምትል ቁልፍ አለች።

ስለ ማከማቻ ያለው እምነት ግማሹ እውነት ነው። ማንቂያ ሲነሳ ብቻ መቅረጽ ቦታ ይቆጥባል፤ በሰከንድ 4 ሜጋቢት የሚልክ አንድ ካሜራ ሳያቋርጥ ከቀረጸ በቀን 43 ጊጋባይት ያህል ይበላል፤ አራት ካሜራ አንድ ቴራባይት ዲስክን ስድስት ቀን ባልሞላ ጊዜ ይጨርሳሉ። ነገር ግን ትእዛዙ የሳተውን ነገር ቀረጻውም ይስታል። እኔ የምመርጠው ዝቅ ባለ ጥራት ሁልጊዜ መቅረጽንና ማንቂያ ሲነሳ ጥራቱን ከፍ ማድረግን ነው።

መብራት ሲጠፋስ? መብራት ሲጠፋ ኃይል የሚሰጠውን ባትሪ፣ ዩፒኤስ የሚገዛ ሰው ብዙ ጊዜ ኤንቪአሩን ብቻ ይሰካበታል። ራውተሩ ከጠፋ ካሜራው ቢያይም መልእክቱ ከግቢው አይወጣም። ራውተሩ፣ ለካሜራዎቹ ኃይል የሚሰጠው ስዊች፣ ኤንቪአሩ፣ ሦስቱም አብረው ዩፒኤሱ ላይ ሊሰኩ ይገባል። ትእዛዙ በራሱ በካሜራው ውስጥ ከተሞላ ሳይረኑ ያለ ኢንተርኔትም ይጮሃል፤ ይህን የሚያውቅ ጥቂት ነው። ኔትወርክ ሲቋረጥና ሌንሱ በጨርቅ ወይም በቀለም ሲሸፈን የሚነሳ ማንቂያም በብዙዎቹ ካሜራዎች ላይ አለ፤ ይከፈት።

«የእኔን ካሜራ ማን ይፈልገዋል?» ለሚሉም፦ ጥቅምት 2016 በፈረንጆቹ፣ ሚራይ የተባለው ቫይረስ ከፋብሪካ በመጡበት ፓስወርድ የቀሩ ካሜራዎችንና መሰል መሣሪያዎችን አሰልፎ ዳይን የተባለውን ኩባንያ በማጥቃት ትዊተርንና ኔትፍሊክስን ጨምሮ ታላላቅ ድረ ገጾችን ለሰዓታት አስተጓጉሏል። ፓስወርዱን ያገኘ ሰው ማንቂያውንም ማጥፋት ይችላል።

ሁሉም ተስተካክሎ ቀሪው ጥያቄ መልእክቱ ማን ጋ ይድረስ የሚለው ነው። «ጥበቃው አለ» ይባላል፤ ጥበቃው የያዘው ግን ብዙ ጊዜ አፕ የማይጭን ተራ ስልክ ነው። ለእሱ የሚሆነው ኖቲፊኬሽን ሳይሆን የሚበራ መብራት፣ ማደሪያው ውስጥ የሚጮህ ደወል ነው። ዋሽንግተን ያለው ልጅ ደግሞ አዲስ አበባ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሲሆን ገና በምሽት እራቱ ላይ ነው፤ ማንቂያውን ከቤተሰቡ ሁሉ ቀድሞ የሚያየው እሱ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የጥበቃውን፣ የቅርብ ጎረቤቱንና የአካባቢውን ፖሊስ ጣቢያ ስልክ ቁጥር በእጁ ይያዝ። ከዚያም አንድ ሌሊት ጥበቃው ለልጁ ነግሮ፣ ጥቁር ልብስ ለብሶ በአጥሩ በኩል ይግባ፤ ልጁም ስልኩ እስኪጮህ ሰዓቱን ይቁጠር።