የተሰበረው ወንበር

በቤታችን የአንድ ወንበር እግር ቢሰበር ወደ አናጢ እንልከዋለን፤ የማይጠገን ከሆነም ለማገዶ እናደርገዋለን። በጄኔቭ ከተማ ግን እግሩ እንደ ተሰበረ እንዲኖር ታስቦ የተሠራ አንድ ወንበር አለ።

ጄኔቭ ለእኛ እንግዳ አይደለችም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1936 ዓ.ም. በሕዝባችን ላይ ስለ ወረደው የመርዝ ጋዝ ለዓለም መንግሥታት ማኅበር አቤት ያሉት በዚያች ከተማ ነበር። ወንበሩም የሚገኘው በዚያው ከተማ፣ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ሕንፃ ፊት ለፊት ካለው አደባባይ ላይ ነው። ቁመቱ 12 ሜትር፣ የእንጨቱም ክብደት 55 ኩንታል ያህል ነው። ንድፉን ያወጣው የስዊሱ ቀራጺ ዳንኤል ቤርሴ፣ በእንጨት የሠራው ደግሞ አናጢው ሉዊ ዤኔቭ ነው። ከአራቱ እግሮች አንዱ ከመካከሉ ተቦጭቆ ስንጥሩ ወጥቶ ይታያል፤ ይኸውም ፈንጂ የረገጠ ሰው እግር ምሳሌ ነው።

ሃንዲካፕ ኢንተርናሲዮናል የተባለው የረድኤት ድርጅት ወንበሩን በነሐሴ 1997 ዓ.ም. ያቆመው፣ መንግሥታት በዚያው ዓመት በኦታዋ የሚፈረመውን ፀረ ሰው ፈንጂን የሚከለክል ውል እንዲቀበሉ ለማሳሰብ ነው። የታሰበለት ዕድሜ ሦስት ወር ብቻ ነበር። ነገር ግን ታላላቅ መንግሥታት ሳይፈርሙ ስለ ቀሩና ሕዝቡም ስለ ወደደው በቦታው ቆየ፤ በ2005 ለአደባባዩ ሥራ ቢነሣም በ2007 ተመልሶ ቆመ።

ሀገራችን ውሉን በ1997 ፈርማ በ2004 አጽድቃለች። በኦጋዴንም ሆነ በሰሜን የተደረጉት ጦርነቶች የተዉትን ፈንጂ የምናውቅ እኛ፣ የወንበሩን ትርጉም ለማስተዋል አስተርጓሚ አያሻንም። ወታደር ሲታረቅ መሣሪያውን ያወርዳል፤ የተቀበረ ፈንጂ ግን ዕርቅን አይሰማም፤ የእረኛን እግር ከወታደር እግር አይለይም።

በ2025 ፊንላንድ፣ ፖላንድ፣ ኤስቶኒያ፣ ላትቪያና ሊትዌኒያ ለድንበራቸው በመሥጋት ከውሉ እንደሚወጡ አስታወቁ። ሥጋታቸውን አንንቅም፤ ሆኖም ዛሬ የሚቀበረውን ነገ የሚረግጠው ማን እንደሆነ ወንበሩ ይጠይቃቸዋል።

የጥበብ ሥራ ፈንጂን ከመሬት አያወጣም፤ መርሳትን ግን ይከለክላል። እኛም በየቤታችን ልጆቻችን በሜዳ ያላወቁትን ብረት ቢያዩ እንዳይነኩት፣ ድንጋይም እንዳይወረውሩበት፣ ፈጥነው ለታላላቆቻቸው እንዲናገሩ እንምከር። ያን ትልቅ ወንበር ያቆሙትም ሰዎች የደከሙት፣ አንድም እግር እንዳይጐድል ነው።