አንቀጽ እንደ በር፦ በጥናታዊ ጽሑፍ ውስጥ ሐሳብን ስለማደራጀት



«አንቀጽ» በግእዝ በር ማለት ነው። የሰዋስው ሊቃውንት ግሡን፣ ማለትም የዐረፍተ ነገሩን ማሰሪያ፣ ዐቢይ አንቀጽ ይሉታል። ለሕግ ባለሙያው ደግሞ አንቀጽ ቁጥር የተሰጠው ድንጋጌ ነው፤ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት 106 አንቀጾች አሉት። ለዛሬው ጉዳያችን የሚቀርበኝ የመጀመሪያው ትርጉም ነው። አንባቢ ወደ ሐሳባችን የሚገባው በአንቀጹ ኃይለ ቃል ነውና።

የአማርኛ ዐረፍተ ነገር ግሡን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል፤ ሰሚውም ማሰሪያው እስኪመጣ ይታገሣል። ተማሪዎቻችን ይህን ልማድ ወደ አንቀጽ ሲያሻግሩት ዋናውን ነጥብ ሰባተኛው ዐረፍተ ነገር ላይ እናገኘዋለን። በንግግር ይህ አይጎዳም፤ የተናጋሪው ፊትና ድምፅ ይረዳሉ። የመመረቂያ ጽሑፍ ፈታኝ ግን ወረቀቱን ብቻ ነው የሚያየው። ወራት የፈጀ የመስክ ሥራ «ግኝትህ ምንድን ነው?» በሚል ጥያቄ ሲሰናከል ማየት ያሳዝናል፤ ግኝቱ እኮ አለ፣ ተቀብሮ ነው እንጂ።

ከዚሁ ከሰንጋ ተራ ምሳሌ ላቅርብ። የ40/60 ቤቶችን የሚያጠና ተማሪ እንዲህ ጻፈ እንበል፦ «የ40/60 መርሐ ግብር ቁጠባን ያበረታታል። ሰንጋ ተራ ነባር ሰፈር ነው። የሲሚንቶ ዋጋ ይጨምራል። በመሆኑም ቆጣቢዎች ሊታገዙ ይገባል።» እያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር ለብቻው ምንም አይወጣለትም፤ ሆኖም አንዱ ለሌላው አያስፈልገውም። «በመሆኑም» ያለ ምክንያት ገብቷል። (ይህ ቃልና «ስለሆነም» በየጽሑፉ እንደ ጌጥ እየተሰኩ ተቸግረናል።)

ተማሪው ሊሟገትለት የፈለገው ይህ ቢሆንስ? «በ40/60 መርሐ ግብር ቆጣቢውን የሚያስጨንቀው የ60 በመቶው ብድር ሳይሆን አስቀድሞ የሚቆጠበው 40 በመቶ ነው። ገንዘቡ እስኪጠራቀም የግንባታ ዋጋ ይንራል። ዋጋው ሲንር 40 በመቶው ራሱ አብሮ ስለሚያድግ፣ ቆጣቢው የሚደርስበት መጠን ከፊቱ ይሸሻል።» የሰፈሩ ታሪክ ወጥቷል፤ ተፈላጊ ከሆነ የራሱን አንቀጽ ያገኛል። ሲሚንቶው የግንባታ ዋጋ በሚለው ውስጥ ቦታውን ይዟል። አንባቢው ክርክሩን ላይቀበል ይችላል፤ ግን አሁን የሚከራከርበት ነገር አግኝቷል፤ ተማሪውም በየትኛው መረጃ መደገፍ እንዳለበት ያውቃል።

ስለ አንቀጽ ርዝመት ብዙ እጠየቃለሁ። የዐረፍተ ነገር ብዛት የሚደነግግ ሕግ የለም፤ ሐሳቡ ማስረጃውን ሲያገኝ አንቀጹ ያልቃል።

አሁን የያዛችሁትን የምዕራፍ አራት ረቂቅ አውጡ። በእያንዳንዱ አንቀጽ ኅዳግ ላይ የአንቀጹን ፍሬ ነገር በአንድ አጭር ዐረፍተ ነገር ጻፉ። አንድ ዐረፍተ ነገር አልበቃ ካለ አንቀጹን ክፈሉት፤ የሚጻፍ ከጠፋ ሰርዙት። ከዚያም የኅዳጉን ጽሑፍ ብቻ ከላይ እስከ ታች አንብቡና ክርክሩ የት ላይ እንደተቋረጠ ምልክት አድርጉ። ሃያ ደቂቃ እሰጣችኋለሁ፤ ጥያቄዎችን ከዚያ በኋላ እንቀበላለን።