ከቢያፍራ ባዶ ኪሱን የተመለሰው ዘጋቢ

«ዴ ጎል እንደማይሞት እያወቅክ ለምን ታነበዋለህ?»

ይህን የጠየቀኝ ከዩኒቨርሲቲ ጀምሮ አብሮኝ ያለ ጓደኛዬ ነው። እጄ ላይ የነበረው ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ የገዛሁት፣ ጥራዙ የላላና ገጾቹ የወየቡ የፍሬደሪክ ፎርሳይት ልቦለድ፣ «ዘ ዴይ ኦፍ ዘ ጃካል» ነው። ጥያቄው ልክ ነው። መጽሐፉ የሚያወራው የፈረንሳዩን ፕሬዚዳንት ሻርል ዴ ጎልን ለመግደል ስለተቀጠረ ነፍሰ ገዳይ ነው። ዴ ጎል ደግሞ በጥይት አልሞቱም፤ ጡረታ ወጥተው ቤታቸው ቁጭ ባሉበት ነው ያረፉት። መልስ አልነበረኝም። ሌሊቱን ግን ሳልተኛ ጨረስኩት።

በማግስቱ ስለ ደራሲው ሳነብ፣ ለካ የጓደኛዬን ጥያቄ በ1970 የለንደን አሳታሚዎችም ጠይቀውት ኖሯል። (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ ወደ አገራችን ስንመጣ ወደራሳችን እመለሳለሁ።) ዴ ጎል ያኔ በሕይወት አሉ። «መጨረሻው የታወቀ ታሪክ ማን ይገዛል?» ብለው ረቂቁን አንዱ ከአንዱ ተቀባብለው መለሱት። ጸሐፊው የ31 ዓመት ሰው፣ ሥራ የለው፣ ቤት የለው፣ ጓደኛው ጋ ተጠግቶ የሚያድር የቀድሞ የውጭ አገር ዘጋቢ ነበር።

እኔን የያዘኝ ይሄ ነው። ፍሪላንሰር ስለሆንኩ ይሆናል። ኪሱ ባዶ የሆነ ጋዜጠኛ ታሪክ ሲነገር ጆሮዬ ይቆማል።

ፎርሳይት በ1938 እንግሊዝ ውስጥ፣ ኬንት ተወለደ። በአየር ኃይሉ ጄት አበረረ፣ ከዚያ በአንድ የክፍለ አገር ጋዜጣ ሙያውን ተማረ፤ በ1961 ሮይተርስ ገባና ፓሪስ ተመደበ። ዴ ጎል አልጄሪያን ለመልቀቅ በመወሰናቸው ኦ.ኤ.ኤስ. የተባለ የወታደሮችና የሰፋሪዎች ኅቡዕ ድርጅት ሊገድላቸው ያደባ የነበረበት ጊዜ ነው። ነሐሴ 1962 ላይ ፔቲ ክላማር በተባለች የፓሪስ ዳርቻ መኪናቸው በጥይት ተበሳሳ። እሳቸውም ባለቤታቸውም ተረፉ። የወጣቱ ዘጋቢ ሥራ ታዲያ ምን መሰላችሁ? ፕሬዚዳንቱ ከቤተ መንግሥት ሲወጡ እየተከተሉ፣ ድንገት ቢገደሉ ዜናውን ቀድሞ ማድረስ። መጠበቅ ነው እንግዲህ። ሲጠብቅ ከጠባቂዎቹ ጋር ያወራል፤ ሲያወራ አንድ ነገር ገባው። ኦ.ኤ.ኤስ. አይሳካለትም፤ ምክንያቱም አባላቱ ሁሉ ፖሊስ ዘንድ ፋይል አላቸው፣ ውስጡም በሰላይ ተሞልቷል። የሚሳካለት ካለ ፋይል የሌለው፣ ማንም የማያውቀው የውጭ ሰው ብቻ ነው። ይህን ዜና አድርጎ መላክ አይቻልም። ምንጩ ማነው? ምን ተፈጠረና? ስለዚህ ጭንቅላቱ ውስጥ አስቀመጠው።

ከፓሪስ ወደ ምሥራቅ በርሊን ተላከ። እዚያ በ1964 አንድ ሌሊት የሶቪየት ታንኮች ተሰልፈው ሲጓዙ አይቶ ዜናውን ወደ ለንደን ላከ፤ ዋና ከተሞች ደነገጡ። በኋላ ሲጣራ ለሜይ ዴይ ሰልፍ የሚደረግ ልምምድ ነው! ሳቅ የሚያመጣ ነገር ነው፤ ግን ዘጋቢ ያየውን በትክክል አይቶ ትርጉሙን ሊስት እንደሚችል ከዚህ በላይ ምን ያሳያል?

ዋናው ነገር የመጣው በ1967 ነው። ያኔ ቢቢሲ ገብቷል። የናይጄሪያ ምሥራቃዊ ክልል ቢያፍራ ብሎ ራሱን ገንጥሎ ጦርነት ሲጀመር ፎርሳይት ተላከ፤ የተነገረውም ነገሩ በሳምንታት ውስጥ ያበቃለታል የሚል ነበር። ጦርነቱ ግን ሁለት ዓመት ተኩል ቆየ። ረኃብ ገባ፤ የሟቾቹን ቁጥር ከአንድ ሚሊዮን በላይ የሚያደርሱት ብዙ ናቸው። የእንግሊዝ መንግሥት ለናይጄሪያ ፌዴራል መንግሥት መሣሪያ ይሸጣል፤ ከምድሩ ሥር ደግሞ ነዳጅ አለ። ፎርሳይት እንደሚለው አለቆቹ ይህን ጦርነት መዘገብ አልፈለጉም። በ1968 መጀመሪያ ሥራውን ለቀቀና በራሱ ወጪ ተመልሶ ሄደ።

እኛም እዚህ ታሪክ ውስጥ አለንበት። በ1968 ክረምት የሰላም ንግግሩ አዲስ አበባ ነበር የተካሄደው፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ያቋቋመውን የናይጄሪያ ኮሚቴ ይመሩ ነበር። የቢያፍራው መሪ ኦጁኩ መጥተው ረጅም ንግግር አደረጉ። ንግግሩ ግን ጦርነቱን አላቆመውም።

ፎርሳይት ያየውን ሁሉ ሰብስቦ በ1969 «ዘ ቢያፍራ ስቶሪ» የሚል መጽሐፍ አወጣ። ስም አለው፣ ቀን አለው፣ ማስረጃ አለው። ዓለምን አላንቀሳቀሰም፣ ኪሱንም አልሞላም። ጥር 1970 ላይ ቢያፍራ እጇን ስትሰጥ እሱ ለንደን ውስጥ አሮጌ የጽሕፈት መኪና ፊት ተቀምጦ የዴ ጎልን ገዳይ ታሪክ መምታት ጀመረ። በ35 ቀን ጨረሰው።

ኢኮኖሚክስ ክፍል ውስጥ «የታለፈ ዕድል ዋጋ» የሚባል ነገር እንማራለን፤ አንድ ነገር ስትሠራ የተውከው ሌላ ሥራ ሊያመጣልህ ይችል የነበረው ገቢ ማለት ነው። የፎርሳይት 35 ቀን ዋጋ ዜሮ ነበር፤ የሚቀጥረው አልነበረምና። እሱም ራሱ ሲጠየቅ መጽሐፉን የጻፈው ለገንዘብ እንደሆነ አይደብቅም። ይህን ግልጽነቱን ወድጄለታለሁ። እኛ አገር ደራሲ ስለ ገንዘብ ካወራ ነውር ይመስላል፤ የቤት ኪራይ ግን ለደራሲም ይጨምራል።

መጽሐፉ በ1971 ታተመ፣ ገነነ፣ በማግስቱ ዓመት የአሜሪካ የወንጀል ልቦለድ ጸሐፊዎች የሚሰጡትን የኤድጋር ሽልማት ወሰደ፤ በ1973 ደግሞ ፍሬድ ዚነማን ፊልም አደረገው። ለፊልሙ መብት ሁለት አማራጭ ቀርቦለት ነበር፦ 17,500 ፓውንድና ከትርፉ ትንሽ ድርሻ፣ ወይም 20,000 ፓውንድ በአንድ ጊዜ። 20,000ውን ወሰደ። በኋላ ላይ ሲያስበው ስንት እንዳመለጠው ገባው። አልፈርድበትም። ሶፋ ላይ ሲያድር ለከረመ ሰው የዛሬ 20,000 ከነገ ሚሊዮን ይበልጣል፤ ለዚህም መማሪያ መጽሐፋችን ውስጥ ቀመር አለው፣ ቀመሩ ግን ረኃብን አያውቅም።

አሁን ወደ ጓደኛዬ ጥያቄ ልመለስ። መጨረሻውን እያወቅን ለምን እናነባለን? ፎርሳይት «ማን?» ወይም «ይሞታል ወይ?» ብሎ አይደለም የሚይዘን። የሚይዘን «እንዴት?» በሚለው ነው። ጠመንጃው እንዴት ተሠርቶ እንዴት ድንበር እንደሚያልፍ፣ ሐሰተኛ መታወቂያ እንዴት እንደሚገኝ፣ የፖሊሱ ሰው ሌቤል በየሆቴሉ መዝገብ እንዴት ዱካ እንደሚፈልግ። ነፍሰ ገዳዩ በሕፃንነቱ በሞተ ልጅ ስም ፓስፖርት ያወጣል። ቀዳዳው እውነተኛ ነበር፤ መጽሐፉ በሚሊዮን ከተሸጠ በኋላም እንግሊዞቹ ሳይደፍኑት አስርት ዓመታት አለፉ። በዜና ቢወጣ አንድ ቀን ተነቦ ይጣል ነበር። በልቦለድ ወጥቶም ሁሉም ሰው አነበበው፣ ማንም ግን አልሰማውም። ይህን ሳስብ እስቃለሁ፣ ትንሽም ይከፋኛል።

ለእኔ ግን የሚበልጠው ሦስተኛው ልቦለዱ፣ በ1974 የወጣው «ዘ ዶግስ ኦፍ ዋር» ነው። አንድ የለንደን ባለሀብት በአንዲት ትንሽ የአፍሪካ አገር ተራራ ውስጥ ፕላቲነም እንዳለ ማንም ሳያውቅ ያውቃል። ምን ያደርጋል? ቅጥር ወታደሮች ልኮ መንግሥቱን ሊገለብጥ፣ የሱ ሰው የሆነ ፕሬዚዳንት ሊያስቀምጥ፣ የማዕድን ፈቃዱን ሊወስድ ያቅዳል። ከዚያ በፊት ግን ስም ብቻ የቀረውን አንድ የሞተ ኩባንያ አክሲዮን በርካሽ ይሰበስባል። ፈቃዱ ለኩባንያው ሲሰጥ አክሲዮኑ ሰማይ ይነካል። የመጽሐፉ ትልቁ ክፍል ውጊያ አይደለም፤ የባንክ ሂሳብ፣ የመርከብ ኪራይ፣ የመሣሪያ ግዢ ሰነድ ነው። አራት ዓመት ስለ «የሀብት እርግማን» ስንማር ከርመን እንደዚህ ቁልጭ አድርጎ ያስረዳኝ አስተማሪ አልገጠመኝም። በ2004 በኢኳቶሪያል ጊኒ ላይ የተጠነሰሰው መፈንቅለ መንግሥት ሐራሬ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ሲከሽፍ ብዙዎች ይህን ልቦለድ ያስታወሱት በከንቱ አልነበረም።

ለዚህ መጽሐፍ ሐምቡርግ ሄዶ መሣሪያ ገዢ መስሎ ከነጋዴዎቹ ጋር ተቀላቅሎ ነበር። እሱ እንደሚተርከው አንደኛው ነጋዴ በመጽሐፍ መደብር መስኮት ሲያልፍ የ«ጃካል»ን የጀርመንኛ ትርጉም ያያል፤ ጀርባው ላይ የማን ፎቶ አለ? የደንበኛው! ፎርሳይት በስልክ ተነግሮት ወደ ባቡር ጣቢያ ሮጠ።

ሰውየውን ሙሉ በሙሉ አልወደውም። ለቢያፍራ ወግኖ ነበር፤ ለኦጁኩ ወዳጅ ነበር። ይሄስ ይሁን፣ አይቶ መወገን ያለ ነው። ግን በ2015 ባወጣው ግለ ታሪኩ ከቢያፍራ ጀምሮ ከሃያ ዓመት በላይ ለእንግሊዝ የስለላ ድርጅት መረጃ ሲያቀብል እንደኖረ ተናገረ። ለልቦለዱ ጥሩ ማስታወቂያ ነው። በየጦር ሜዳው «ሰላይ ነህ» እየተባለ ለሚታሰር ሐቀኛ ዘጋቢ ግን ምን ማለት እንደሆነ አስቡት።

እንደ ዘጋቢ ያየውን በልቦለድ የጻፈ የእኛም ሰው አለ፤ በዓሉ ግርማ። የአዲስ ዘመንና የሄራልድ አዘጋጅ የነበረ፣ በማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ሥልጣን ላይ የደረሰ። ለቀይ ኮከብ ዘመቻ አሥመራ ሄዶ ያየውን በ1975 ዓ.ም. «ኦሮማይ» ውስጥ አስቀመጠው፤ ጋዜጠኛው ጸጋዬ፣ ፍቅር፣ ስለላ፣ ግድያ ያለበት ልብ አንጠልጣይ። መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፣ በዓሉ ከሥራ ተባረረ፣ በ1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ፎርሳይት ግን ከ70 ሚሊዮን በላይ መጽሐፍ ሸጦ በ2025፣ በ86 ዓመቱ አረፈ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የብዕር ችሎታ አይመስለኝም። ፎርሳይት የጻፈው ስለ ሌላ አገር ፕሬዚዳንት ነበር።

ይህን ሁሉ የምለፈልፈው ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። አንድ ማስታወሻ ደብተር አለኝ። የዛሬ ዓመት ገደማ በአንድ ገበያ ውስጥ ዋጋ በማን ስልክ እንደሚወሰን፣ ጭነቱ ሳይደርስ ማን ምን እንደሚካፈል ለሦስት ወር እየዞርኩ የጻፍኩበት ነው። የነገሩኝ ሰዎች በሙሉ ስማቸው እንዳይነሳ ፈለጉ። ሰነድ የለኝም። አሳየሁት አርታኢ ደግሞ «ስም ከሌለው፣ ወረቀት ከሌለው አይወጣም» አለኝ። ተናደድኩ፤ አሁን ሳስበው ልክ ነበር።

ጓደኛዬ ነገሩን ያውቃል። መጽሐፉን ሰጥቼው አንብቦ ሲመልስልኝ «እና አንተስ 35 ቀን አለህ?» አለኝ።

የለኝም አልኩት። ማታ ግን ደብተሩን ከመሳቢያ አወጣሁና አንደኛው ደላላ ስልኩን ዘግቶ «ይህንንስ እንዳትጽፈው» ያለኝን ገጽ አገኘሁ። ስሙን ሰርዤ ሌላ ስም ጻፍኩበት። ሁለት ጊዜ ቀየርኩት፤ ሁለቱም አልመሰሉትም።