ዝናብ ሳይዘንብ የሚያፈስ ጣሪያ

ከአሰላ ወደ በቆጂ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው ሳጉሬ አንዲት አክስት አሉኝ። በአንድ የኅዳር ሌሊት፣ ሰማዩ ጠርቶ ከዋክብት ሲያበሩ፣ የመኝታ ክፍላቸው ቆርቆሮ ውሃ ማንጠባጠብ ጀመረ። አናጢ ተጠርቶ የሚስማሩን ቀዳዳ ሁሉ በሬንጅ ደፈነ፤ ገንዘቡም ተከፈለ። ጣሪያው ግን ማፍሰሱን አልተወም። ከሁሉ የከፋው በግድግዳው ጥግ የጠቆረው ሻጋታና የልጅ ልጃቸው ሳል ነበር።

ውሃው ከወዴት መጣ? ከተኙት ሰዎች ነው። አራት ሰዎች በአንድ ሌሊት በትንፋሻቸውና በላባቸው ወደ አንድ ሊትር የሚጠጋ ውሃ ይለቃሉ። በ18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አንድ ሜትር ኩብ አየር ሊይዝ የሚችለው የውሃ ተን 15.4 ግራም ገደማ ስለሆነ፣ 30 ሜትር ኩብ የሆነ ክፍል ግማሽ ሊትር እንኳ አይሸከምም። ትርፉ ቀዝቃዛ ገጽ ይፈልጋል። ቆርቆሮ ደግሞ ስስ ነው፤ በጠራ ሌሊት ሙቀቱን በጨረር መልክ ወደ ሰማይ ስለሚለቅ ከውጭው አየር ይበልጥ ይቀዘቅዛል፤ ከሥሩም ጤዛ ይቋጥራል። የሣር ክዳን ሙቀት በቀላሉ ስለማያስተላልፍ ይህ ችግር እምብዛም የለበትም (የእሳቱን አደጋ ግን አንርሳ)።

የዓለም የጤና ድርጅት በ2009 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ እርጥበትና ሻጋታ ባለበት ቤት የሚኖሩ ሰዎች ለመተንፈሻ አካላት ሕመምና ለአስም መባባስ ይበልጥ እንደሚጋለጡ አስገንዝቧል።

«ውጭው ጭጋግ ነው፤ መስኮት ከተከፈተ እርጥበት ይገባል» ይላሉ አክስቴ። እስቲ እናስላው። በ10 ዲግሪ በተን የተሞላ አየር በሜትር ኩብ የሚይዘው 9.4 ግራም ብቻ ነው። ይኸው አየር ቤት ገብቶ 18 ዲግሪ ሲደርስ አንጻራዊ እርጥበቱ ወደ 61 በመቶ ይወርዳል። እንግዲህ የጭላሎ ጭጋግ ቤት ያደርቃል ማለት ነው!

«ብርዱስ?» ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። ሆኖም በክፍሉ ያለው አየር ክብደቱ ከ30 ኪሎ ግራም አይበልጥም፤ የጭቃው ግድግዳ ግን በቶን የሚቆጠር ነው። ትይዩ መስኮቶች ጧት ለአሥር ደቂቃ ቢከፈቱ አየሩ ይለወጣል፤ ሙቀቱን የያዘው ግድግዳ ግን ብዙም አይቀዘቅዝም። በተዘጋ ክፍል ከሰል አቀጣጥሎ ማድረቅ ግን ፈጽሞ አይሞከርም፤ ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ይገድላል።

አናጢው ዳግመኛ ተጠርቷል፤ ኮርኒስ እንዲሠራና ከክፈፉ ሥር የአየር መውጫ እንዲከፍት።